መንገደኛውን የተሸከመው ጭነቱ ነበር፦ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የጉዳይ ጥናት

ከለገሃር ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ የሚደርሰው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለዘጠና ዓመት ያህል መንገደኛ አመላልሷል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት በ2008 ገደማ ተቋረጠ፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው ቁራጭ ጥቂት ጊዜ አዝግሞ እሱም ቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት “ዓ.ም” ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ቆመ ሲባል ብዙ ሰው “አረጀ” ብሎ ያልፈዋል። ማርጀቱ ሐቅ ነው። ነገር ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ በ1889 ሥራ የጀመረ፣ ልክ እንደዚህኛው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የተራራ ባቡር ዛሬም በሰዓቱ መንገደኛ ያደርሳል። ሐዲድ ብረቱ፣ ጠጠሩና ብሎኑ በየጊዜው እየተለወጠ የሚኖር ነገር ነው፤ የሚያረጀው መለወጫ ገንዘብ ሲያጣ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያ ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደነበርና መቼ እንደነጠፈ ነው። ከመንገደኛው ትኬት እንዳልነበር ከወዲሁ መናገር ይቻላል።

ሐረርን ትቶ ያለፈው መስመር

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1894 ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ውል ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ውሉ መስመሩን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ከወረቀት አልወጣም። የመጀመሪያው ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ግን ሐረር አልደረሰም።

የሐረር ነገር የመስመሩን ጠባይ ከምንም በላይ ያሳያል። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የምሥራቁ ንግድ ሁሉ መናኸሪያ ነበረች፤ መንገደኛ የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ የሚገኘው እዚያ ነበር። ችግሩ ከፍታዋ ነው፤ ከቆላው ተነሥቶ 1,800 ሜትር አልፎ መውጣት ያስፈልጋል። የብረት ጎማ በብረት ላይ ስለሚንከባለል ደልዳላ መሬት ላይ አንድ ቶን ለመሳብ ጥቂት ኪሎ ጉልበት ይበቃል፤ የባቡር ትርፉም ይኸው ነው። ነገር ግን በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር የሚወጣ ዳገት ሲገጥም ለእያንዳንዱ ቶን 25 ኪሎ ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል። 200 ቶን የሚመዝን ባቡር ከሆነ ዳገቱን ለማሸነፍ ብቻ 5 ቶን የመሳቢያ ኃይል ነው። የዚያ ዘመን ቀላል ሎኮሞቲቭ ከዚህ ሲያልፍበት ጎማው እዚያው ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ያለው ምርጫ ፉርጎ መቀነስ ወይም ዳገቱን በኩርባ ማራዘም ነው፤ ሁለቱም ዋጋቸው ከባድ ነው።

መሐንዲሶቹ በቆላው መቀጠልን መረጡ። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደረሰ፤ እዚያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር አልፎ ቀረች፤ ቡናዋና ቆዳዋ በበቅሎና በግመል ተጭኖ ወደ ጣቢያው ወረደ። ጭነት ቁልቁል ተጉዞ ባቡሩ ጋ መድረስ ይችላል፤ ሰውም እንደ ጭነቱ ይምጣ ተባለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሒሳቡ እንዲህ ነበር።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ለሃምሳ ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደጉም ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ባቡሩ የንግድ ኩባንያ መሆኑ ቀርቶ የባዕድ መንግሥት ክንድ እየሆነ መምጣቱን ተረዱና መስመሩ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይቀጥል ከለከሉ። ኩባንያው ለዓመታት አንድ ጫፍ ብቻ ባለው መስመር ሲከስር ቆይቶ ፈረሰ። በ1908 ለምኒልክ ሐኪም ለጓደሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ውል ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ በ1913 ስላረፉ አላዩትም። ዛሬ ቆሞ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1929 ነው።

ሦስት ቀን የፈጀው ለምንድን ነው

በሲራራ ንግድ ከወር በላይ ይፈጅ የነበረ መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። መንገደኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። 784ን ለሦስት ሲያካፍሉት በቀን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ዘመን ለነበረ የእንፋሎት ባቡር እንኳ ትንሽ ነው። ጊዜውን የሚበላው ፍጥነቱ ሳይሆን መቆሙ ነበር።

አንደኛው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ አንድ ቶን ከሰል ያነደደ ሎኮሞቲቭ ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ኩብ ውሃ ጨርሷል ማለት ነው። በአይሻና በአዲጋላ በረሃ ይህን ያህል ውሃ ለማግኘት ጉድጓድ መቆፈር፣ ፓምፕ መትከል፣ ታንከር ማቆም፣ ጠባቂ ማኖር ግድ ነው። ጣቢያዎቹ እዚያ የተተከሉት ብዙ ሰው ስለሚኖር አልነበረም፤ ሎኮሞቲቩ ሳይጠማ የሚደርስበት ርቀት ስለሆነ ነው። የቆላው ውሃ ደግሞ ጨው አለበት። ጨው ያለው ውሃ ሲፈላ በቦይለሩ ቱቦ ላይ ቅርፊት ይጋገራል፤ ቅርፊቱ ሙቀቱን ወደ ውሃው አላሳልፍ ይላል፤ ነዳጁ በከንቱ ይነድዳል፣ ቱቦውም እየጋለ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦይለር ቶሎ ቶሎ ተከፍቶ መታጠብና መፋቅ አለበት። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ትልቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መለዋወጫ ከአውሮፓ በመርከብ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ የተሰበረውን እዚያው ማቅለጥ፣ መቅረጽና መጥረብ የሚችል ባለሙያ ተፈጠረ።

ሁለተኛው ሌሊት ነው። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላ ላይ ጠራራ ፀሐይ እያለ በደረቁ ወንዝ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠርና አፈር ጠርጎ ብረቱን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይተወዋል። ቀን ከሆነ ነጂው ከሩቅ አይቶ ይይዛል፤ ሌሊት ግን በዚያ ዘመን ፋኖስ የሚያየው ርቀት ፍሬን ከሚፈልገው ርቀት ያነሰ ነው። ማደሩ ለመንገደኛው ምቾት ታስቦ ይመስል ይሆናል፤ አዋሽ ላይ ያለው የጣቢያው ሆቴል፣ ቡፌ ደ ላ ጋር፣ ዝነኛ የሆነውም በዚሁ ነው። ዋናው ነገር ግን ባቡሩ ሳያይ እንዳይሄድ ነበር።

ሦስተኛው ነጠላ ሐዲድ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ባለ መተላለፊያ ብቻ ነው። የጣቢያው ሹም ቀጣዩ ጣቢያ “መንገዱ ነፃ ነው” ሳይለው ባቡር አይለቅም። ከድሬዳዋ የሚወጣው አንድ ሰዓት ከዘገየ ከወዲያ የሚመጣው መተላለፊያ ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ እሱን ይጠብቃል። መዘግየት ከባቡር ወደ ባቡር እየተዛመተ እስከ ሌላኛው ጫፍ ይደርሳል። ማን ማንን ያሳልፍ ሲባል ደግሞ በወረቀት ላይ መንገደኛ ይቀድማል፤ ነገር ግን ጭነቱ ረዝሞ መተላለፊያው ካልበቃው የሚቆመው አጭሩ ነው፣ አጭሩም ብዙ ጊዜ የመንገደኛው ነው።

ከመንገደኛ ታሪኮች አንዱን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማይጨው ላይ ከሆነው በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባን ለቅቀው ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው፤ ጣልያን ከተማዋን የያዘው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ከመሐል አገር ወደ ባሕር የሚያወጣ ሌላ አስተማማኝ መንገድ አልነበረም።

ዲዝል፣ እና መንገደኛ የሚባለው ማን ነበር

በ1950ዎቹ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ገባ። ውሃ መቅዳት ቀረ፣ ቦይለር መፋቅ ቀረ፣ የሌሊት ጉዞ ተቻለ። በ1959 ኢትዮጵያና ፈረንሳይ አዲስ ስምምነት አድርገው ኩባንያው እኩል የጋራ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ለመንገደኛ የተሻለው ዘመን ይህ ነው፤ መኝታ ያለው ፉርጎ፣ አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ፣ ከዚያም አብዛኛው ሕዝብ የሚሳፈርበት ሦስተኛ።

ግን ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እግሩ ሥር ጆንያ፣ ራሱ ላይ ሻንጣ፣ ከመቀመጫው ስር የተጠቀለለ ጨርቅ ነው። ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ጫት፣ አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሲመለስ ልባሽ፣ ሽቶ፣ ሲጋራ፣ ሬዲዮ። ጉምሩክ ካለበት ጣቢያ ጥቂት ቀደም ብሎ ባቡሩ በዳገት ወይም በኩርባ ሲያዘግም ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፤ ታች የሚጠብቅ ሰው አንሥቶ በእግር ያሳልፈዋል። ድሬዳዋን ገበያ ያደረጋት ከዚራ ያለው የኩባንያው ሠፈር ብቻ አይደለም፤ ከሸለቆው ማዶ ያለው የመጋላ ሱቅ የሚሞላው ከዚሁ ጥቅል ነው። ትኬት የሚገዛው ዕቃ ለማመላለስ ነውና መንገደኛው ራሱ ጭነት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅድሚያ ለጭነት መስጠቱ የኩባንያው ክፋት ሆኖ የሚታያቸው አሉ፤ ለኔ ግን አገልግሎቱን ያቆየው ያ ነው የሚመስለኝ። ርካሹ ትኬት ሐዲድ አይገዛም፤ ሐዲድ የሚገዛው ከወደብ በሚመጣው የጨው፣ የስኳር፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ኪራይ ነው።

ጭነቱ ሲሸሽ

ሽሽቱ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ወደ አሰብ የመኪና መንገድ ከፍተው ነበር፤ ኋላ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ስትሆን አሰብ የአገር ውስጥ ወደብ ሆነ፣ ማጣሪያም ተሠራለት። በአሰብ የሚገባው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የወደብ ኪራይ አልነበረበትም። ተሳቢ መኪናውም ከመርከብ ጭኖ ባለቤቱ መጋዘን በር ላይ ያራግፋል፤ ባቡሩ ግን ለገሃር አራግፎ ከዚያ እንደገና መኪና ላይ መጫን አለበት። ሁለቴ ማንሣት ሁለቴ መክፈል ነው፣ ሁለቴም መሰባበር ነው።

በ1977 የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ድልድዮች ፈነዱ፣ መስመሩ ከዚያ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1978 ተዘጋ። ጦርነቱ በመጣበት በ1977 ጅቡቲ ነፃ ወጣች፤ በ1981 ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። የባቡር ደንበኛ አንድ ዓመት ሌላ መንገድ ከለመደ በቀላሉ አይመለስም። ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የጥገና በጀት ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ያልተጠበቀ ብሎን ዛሬ ባቡር አይጥልም።

ጥር 1977 ዓ.ም (በአውሮፓውያን 1985) አዋሽ አጠገብ የደረሰው አደጋ ለብቻው መታየት አለበት። አንድ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር በኩርባ ላይ ባለ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ከአምስት ፉርጎዎች አራቱ ገደል ገቡ። 428 ሰው ሞተ። አፍሪካ ውስጥ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊው ነው።

ለምን ፍጥነት ብቻ ይህን ያደርጋል? ኩርባ ላይ ባቡሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ራዲየሱ 200 ሜትር የሆነ ኩርባ እንውሰድ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲገባበት ግፊቱ ከፉርጎው ክብደት ስድስት በመቶ ገደማ ነው፤ የተቀመጠ ሰው እንኳ ብዙም አያስተውለውም። በ80 ሲገባ ሩብ ያህል ይሆናል። በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ጎማው ከፉርጎው መሐል የሚርቀው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፉርጎው ሞልቶ ዕቃው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሲከመር የክብደቱ መሐል ከሐዲዱ አንድ ሜትር ተኩል አልፎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ፉርጎ ለመገልበጥ የክብደቱን ሲሶ የሚሆን ግፊት ይበቃዋል፤ ሱስታው ደክሞ ካዘነበለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። 1,435 ሚሊ ሜትር በሆነው ሐዲድ ላይ ያው ፉርጎ ቢሆን ግማሽ ያህል ክብደቱን ይችላል። ውጨኛውን ብረት ከፍ አድርጎ መንጠፍ ያግዛል፤ ጠጠሩ ሲሰምጥ ግን ያ ከፍታ ይጠፋል። ስለዚህ ጥፋቱ የነጂው ቢሆንም ስሕተቱን የሚሸከም ትርፍ ቦታ በመስመሩ ላይ አልነበረም። ያ ትርፍ ቦታ ጥገና ይባላል።

ዕድል ደግሞ በመጥፎ ሰዓት መጣ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋና የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለሃምሳ ዓመት የሸሸው ጭነት እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ባቡሩ ወደብ ተመለሰ። ባቡሩ ግን ሊያነሣው አልቻለም። ሲሠራ የተነጠፈው ሐዲድ በሜትር 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን ብረት ነበር፤ ኋላ በየቦታው በከበደ ቢተካም ሁሉም አልተተካም። ከባድ ጭነት የሚሄድበት የዛሬ ሐዲድ በሜትር ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። ቀጭን ብረት ላይ ከባድ ፉርጎ ሲሄድ ብረቱ ይጎብጣል፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ ፍጥነቱ ይቀነሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀነስ በቀን የሚያልፈው ባቡር ያንሳል፤ ገቢው ይወርዳል። ተሳቢዎቹ በጅቡቲ ድንበር ባለችው በጋላፊ በኩል ተሰልፈው ጭነቱን ወሰዱት። ለባቡሩ የቀረለት መንገደኛው ነው፣ እሱም በሚቆራረጥ ባቡር ከእነ ጆንያው። በመንገደኛ ብቻ የቆመው መስመር አሥር ዓመት ነበር የቆየው።

አዲሱ መስመር ምን ወረሰ

ቻይናውያን ኩባንያዎች የሠሩት አዲሱ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉ 25,000 ቮልት የኤሌክትሪክ ነው። በ2016 በኢትዮጵያ በኩል፣ በጥር 2009 ዓ.ም ደግሞ በጅቡቲ በኩል ተመረቀ፤ የንግድ ሥራውን በ2018 መጀመሪያ ጀመረ። ከመመረቁም በፊት፣ ኤሌክትሪኩ ሳይዘረጋ፣ በ2015ቱ ድርቅ በዲዝል ሎኮሞቲቭ እህል አጓጉዟል። የመጀመሪያ ተሳፋሪው ስንዴ ነበር ማለት ነው።

የመንገደኛው ባቡር መቀመጫ፣ ሦስት ደርብ ክፍት አልጋ እና አራት አልጋ ያለው ዝግ ክፍል አለው። ሦስት ቀን የነበረው መንገድ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሆኗል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሁሉንም ግን አይናገርም። ለገሃር መሐል ከተማ ነበር፤ አዲሱ የአዲስ አበባ ጣቢያ ፉሪ ለቡ ግን ከከተማው ዳር ነው። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የጅቡቲው ጣቢያ ናጋድም ከከተማው መሐል አይደለም። ለጭነት ይህ ልክ ነው፤ ኮንቴይነር ከተማ ውስጥ መግባት አይፈልግም። ለመንገደኛ ግን በሁለቱም ጫፍ ታክሲና ሰዓት ይጨምርበታል። ጣቢያው የተተከለበትን ቦታ አይቶ ለማን እንደተሠራ መለየት አያቅትም።

ነጠላው ሐዲድም አልቀረም። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፤ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ነጠላ። ስለዚህ መተላለፊያ ላይ መጠባበቅ ዛሬም አለ፣ መዘግየትም ዛሬም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። የመንገደኛ ባቡር በአንድ አቅጣጫ አንድ ቀን እየዘለለ የሚሄደውም በቂ ተሳፋሪ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። የመንገደኛው እስከ 120፣ የጭነቱ እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ፈጣን ከቀርፋፋ ጋር ሲሄድ ፈጣኑ እንዲያልፍ ሁለት ሦስት የጭነት ባቡር ጥግ መያዝ አለበት። አንድ የመንገደኛ ባቡር የሚበላው ቦታ ከአንድ ባቡር ይበልጣል።

የጎርፉን ቦታ የወሰዱት ከብትና ኤሌክትሪክ ናቸው። መስመሩ የአርብቶ አደር መሬት ያቋርጣል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ባቡር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል፤ ግመል ደግሞ ሐዲድ ላይ ከቆመ ጡሩንባ ሰምቶ አይነሣም። አንድ ግጭት ሲደርስ ባቡሩ ይቆማል፣ ከሥሩ ያለው ቱቦና ገመድ ይፈተሻል፣ ከባለንብረቱ ጋር ስለ ካሣ ንግግር ይነሣል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል። መብራት ሲቋረጥም እንዲሁ ነው፤ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ታንከሩን ይዞ ይሄዳል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ሽቦው ላይ ኃይል ከሌለ ዳገት መሐልም ይሁን በረሃ ባለበት ይቆማል። በአንድ ቁራጭ ያለ የኃይል ጣቢያ ሲበላሽ ጎረቤቱ እንዲደግፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ከአገሪቱ ዋና መስመር ሲጠፋ ግን ድጋፉም አይረዳም።

ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ የያዙበት ድርጅት ከቻይናውያኑ አስተዳዳሪዎች ሥራውን በ2024 ተረክቧል። የመንገደኛው አገልግሎት እንዲሰፋ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የትኬቱን ዋጋ አይደለም። በቀን ስንት የጭነት ባቡር እንደሚያልፍ፣ ከጅቡቲ ሞልቶ የመጣው ፉርጎ ወደ ወደቡ ሲመለስ ምን ያህሉ ባዶ እንደሚሄድ፣ ከአዳማ ወዲያ ያሉት መተላለፊያዎች ስንት ፉርጎ እንደሚችሉ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከፉሪ ለቡና ከድሬዳዋ ጣቢያ ወደ ከተማ የሚያደርስ፣ ሰዓቱ ከባቡሩ ጋር የተገጣጠመ አውቶቡስ ነው፤ ሐዲድ ከመዘርጋት አንጻር ዋጋው ኢምንት ነው፣ ለተሳፋሪው ግን በሁለቱ ጫፍ የሚባክነውን ሰዓት ይቀንስለታል።